ሐይቅ ልናይ የተከራየነው ሚኒባስ

ባለፈው የገበያ ቀን ክርና ቁልፍ ገዝቼ ከመናኸሪያው በታች ባለው መታጠፊያ ስመለስ፣ አንድ ሽማግሌ ከባጃጅ ውስጥ አንገታቸውን ብቅ አድርገው «አንቺ፣ ያቺ የአሸንጌዋ ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ። መንገድ ላይ ሰው ሲጠራኝ ዛሬም እደነግጣለሁ። ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ቆምኩ። ጋሽ ሙሉ ናቸው፣ ድሮ ሚኒባስ ይነዱ የነበሩት። ጢማቸው ነጭ ሆኗል፣ ፊታቸውም ከስቷል፤ ወደ ግራ ገደድ አድርገው የሚደፏት ባርኔጣ ግን ያችው ናት። «እናትሽ እንደምን ናቸው?» አሉኝ። «አርፋለች» አልኳቸው። የባጃጃቸውን ሞተር አጠፉት። «ነፍስ ይማር። እኔ እኮ በዚህ መንገድ ስንት ሙሽራ፣ ስንት ሬሳ ጭኛለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ግን…» ሳይጨርሱት ከኋላ ያለው ባጃጅ ጡሩምባውን አምባረቀባቸውና በእጃቸው ተሰናብተውኝ ሄዱ። ቤቴ ገብቼ የስፌት ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬ ግን ፔዳሉን አልረግጥ አለኝ። ያ ቀን ከነሽታው መጣብኝ፤ የመስከረም ጠዋት እርጥብ ሣር፣ ናፍጣ፣ አዲስ የተጋገረ ድፎ።

ያን ጊዜ በእትዬ መዲና ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር የምሰፋው። አባቴ ሲሞት ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ ነው እሳቸው ጋ የገባሁት፤ ማሽኑ የእሳቸው፣ ጉልበቱ የእኔ። ሱቁ ማዕዘን ላይ ስለሆነ ሰቆጣ የሚገባውም የሚወጣውም በእኛ ፊት ያልፋል። ሻይ ሁለት ብር ነበር፣ አንድ ብር የሚሸጠው ዳቦ መዳፍ ይሞላል። ከእኛው ከዝቋላ ወረዳ ፍየል እየነዱ የመጡ ሰዎች በረንዳችን ጥግ እግራቸውን ያሳርፉና፣ ጫማቸውን አራግፈው አቧራውን እኔ ላይ ትተውልኝ ይሄዱ ነበር። ልጃገረዶቹ በዚያ ዘመን የሚወዱት ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለበት ቀሚስና እንደ ብርጭቆ የሚያበራ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ሐምራዊ ሲሆንማ ይጣሉበታል። ለአንዷ የሰፋሁትን በሳምንቱ አምስት ሆነው ይመጡበት ነበር። አሁን ሁሉም የተሰፋ ይገዛል፤ እኔ ጋ የሚመጣው የሚያጥርና ዚፑ የተበላሸ ነው። ከፊት ለፊታችን ያለው ካሴት ቤት አንዱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያዞረው ነበር። ስለ ሄደ ሰው የሚዘፈን ነው፤ እናቴ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ «ዝጉት በሉልኝ» ትል ነበር። ባለ ካሴት ቤቱ ጨዋ ልጅ ስለሆነ ገና ከሩቅ ሲያያት ይቀንሰዋል። ዛሬ ቤቱ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፤ የሚዘፈንም የለም።

እናቴ ዘፈኑን የማትወደው በወንድሜ በሞገስ ምክንያት ነው። ሞገስ ከጓደኞቹ ጋር በበረሃ በኩል ወጥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ አረብ አገር ለመግባት ከቤት ሄደ። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ፤ «ዛሬ ማታ እንሻገራለን፣ እማ ጸልይልኝ» አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጉሯን ቅቤ አላስነካችም፣ ልብስ አልገዛችም። ትንሿን ስልኳን፣ ቁጥሩ ከቁልፎቹ ላይ ተፍቆ ያለቀውን፣ በደረቷ ይዛ በራፍ ላይ ትቀመጣለች። ገበያ አትሄድም፣ ከመቅደስ መልስ የትም አትገባም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስትሳለም ስልኩን በነጠላዋ ጠቅልላ ትጨብጠዋለች እንጂ አታጠፋውም። አባቴ የዋግ ሰው ነበር፣ ቋንቋው ኽምጣኛ ነው፤ እሷ ከኮረም ማዶ ከአሸንጌ ሐይቅ ዳር የተዳረች የትግርኛ ተናጋሪ ናት። የተገናኙት በአማርኛ ነው፣ እኛ ልጆቻቸውም እዚያው መሐል ላይ ቀረን። ሰቆጣ ከመጣች በኋላ ሐይቁን አንድም ቀን ተመልሳ አላየችውም። በሐዘን ስትውል ግን ስለ ውኃው ታወራለች፤ ከዳሩ ሣር ያጭዱ እንደነበር፣ ተራራው ጠዋት ጠዋት ውኃው ውስጥ ተገልብጦ እንደሚታይ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ አንድ ቀን ብታዪው» ትለኝ ነበር።

ሐሳቡ የእትዬ መዲና ነው። አንድ ከሰዓት እናቴ ምሳዬን አቀብላኝ ስትመለስ ከኋላዋ አዩዋትና «ይቺ ሴትዮ እንዲሁ ተቀምጣ ትሙት ነው የምትሉት?» አሉኝ። «ሐይቋን እናሳያት። ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት መመለስ ነው። መኪናውን እኔ እይዛለሁ፣ ድፎውን አንቺ ጋግሪ።» ወዲያው ጋሽ ሙሉን አስጠሯቸው። ለአንድ ሙሽራ ሱሪ የመጣ ጥቁር ጨርቅ ማሽኔ ላይ ተዘርግቶ ነበርና እትዬ መዲና ጠመኔዬን ቀምተው በላዩ ላይ መንገዱን ማስመር ጀመሩ።

«ይቺ ሰቆጣ። ይኸ ዳገቱ። እዚህ ጫፉ ላይ ትቆማለህ።»

«ለምን እቆማለሁ?»

«ተራራ እንድናይ።»

«ተራራ በመስኮት ይታይ የለም እንዴ? ተራራ ለማየት የቆመ መኪና እኔ አላየሁም።»

«አንተ ሙሉ፣ አንድ ቀን እንደ ሰው ኑር! ትቆማለህ አልኩህ። ከዚያ ኮረም ሻይ እንጠጣለን። ከዚያ ሐይቁ።» ትልቅ ክብ ሠሩ።

ጋሽ ሙሉ ክቡን አየት አደረጉና «ሐይቅ ከሆነ የተፈለገው ተከዜ ግድቡ ላይ የተኛው አይሻልም? ዓሣም አለ» አሉ።

«በዚያ ሙቀት ቀቅለህ ልታመጣት ነው? ሐይቅ ሳይሆን ሐይቋን ነው ያልኩህ። የእሷን።»

ሣቅን። እኔ ጠመኔውን ወስጄ ከክቡ ዳር ትናንሽ መስመሮች ሠራሁ፤ ሣሩ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ የሆነ ነገር ሳቅድ የመጀመሪያዬ ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ስሰፋ የማስበው ሁሉ እሱ ነበር፤ እናቴ በየትኛው መስኮት በኩል ትቀመጥ፣ ድፎውን ዳገቱ ላይ እንቁረሰው ወይስ ሐይቁ ዳር፣ የተጠቀለለ ሣር ይዛ ትመለስ ይሆን።

ለእናቴ እንዳይነገራት የወሰኑትም እትዬ መዲና ናቸው። እውነታቸውን ነበር፤ ብትሰማ «ልጄ የት እንዳለ ሳላውቅ እኔ ሽርሽር?» ብላ አትወጣም። ስለዚህ እናቴ ወደ ሱቁ ስትጠጋ ወሬያችንን እናቋርጣለን። ንስሐ አባታችን ጋ ብቻ ሄጄ በዚያ ቀን ለእናቴ ያዘዟት ጾም እንዳለ ጠየቅሁ። ድፎውን በእኛ ቤት እንዳይሸት እትዬ መዲና ጓሮ ጋገርኩት። እናቴ የምትለብሰውን ንጹሕ ቀሚስ በስውር አጥቤ ተኮስኩ። ይኸን ሁሉ ስናደርግ እትዬ አስካለ ያዩናል። እትዬ አስካለ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ የሰፈሩ ሙሾ አውራጅም እሳቸው ናቸው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ሞት ገና ከሩቅ ይሸታቸዋል ይባላል። እኛ አገር ልጁ በሰው አገር የሞተበት ሰው እንዴት መርዶ እንደሚነገረው ማንም ያውቃል። ወሬው መጀመሪያ ለጎረቤት ይደርሳል። ጎረቤት ይንሾካሾካል፣ ካህን ይማከራል፣ እንጀራና ዳቦ በሌላ ቤት ይሰናዳል። ከዚያ አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ይመጡና፣ የእናቱ ወገን ሩቅ ከሆነም መኪና ይያዝና በዘመድ መሐል እንድትረዳ ትወሰዳለች። እትዬ አስካለ ጥቁሩን ጨርቅ ማሽኔ ላይ አዩ። እናቴ ስትመጣ ዝም ስንል አዩ። ከንስሐ አባታችን ቤት ስወጣ አዩ። ጋሽ ሙሉ ለሥራ ባልደረባቸው «ቅዳሜ ጠዋት እናትየዋን ወደ አገሯ ነው የምወስዳት» ሲሉ ሰሙ። ሌላ ምን ያስቡ?

ቅዳሜ ገና ሰማዩ ሳይቀላ ሚኒባሱ በራችን ላይ ቆመ። እናቴን ቀስቅሼ ቀሚሱን አለበስኳት። «ወዴት ነው?» አለች። «ደስ የሚልሽ ቦታ» አልኳት፤ እየሣቅሁ ነበር። በሩን ከፍቼ ይዣት ስወጣ፣ ከማዕዘኑ በኩል ሴቶች ሲመጡ አየሁ። የዕድሩ ሴቶች ናቸው፣ እትዬ አስካለ ከፊት። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ለብሰዋል። እናቴ ነጠላዎቹን አየች። መኪናውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ያ ሣቄ ገና ከፊቴ አልወረደም ነበር። «ሞገስ!» ብላ ጮኸችና እዚያው ደጃፉ ላይ ወደቀች። እሷ ስትጮኽ ሴቶቹ የጠበቁት መርዶ የተነገራት ስለመሰላቸው አብረው ጮኹ። እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ «ወንድ ልጄ! ባሕር የበላህ!» ብለው ጀመሩ። የሰፈሩ ሰው በየበሩ ወጣ።

እትዬ መዲና ከመኪናው ዘለው ወረዱ። «ማን ሞተ? ማን ነው የሞተው?»

«እኛን ትጠይቂናለሽ? የምታውቁት እናንተ!» አሉ እትዬ አስካለ።

«ምኑን?»

«የሞገስን ነዋ!»

«ማን ሞገስ ሞተ አለሽ? ወላሂ ማንም ምንም አላለም! እኛ እኮ ሐይቅ ልናሳያት ነው!»

እትዬ አስካለ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልቅሶው አንድ በአንድ ቆመ፤ መጨረሻ ላይ የአንዲት ሩቅ የቆሙ አሮጊት ድምፅ ብቻ ቀረና እሱም ቆመ። ሴቶቹ እየተያዩ ነጠላቸውን እዚያው መንገድ ላይ ገለበጡ። እኔ እናቴን በጉልበቴ አስደግፌ «እማ፣ ማንም አልሞተም፣ ሞገስ ደኅና ነው» እላታለሁ። እሷ ግን በዓይኗ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችንና ቀስ ብላ «ለሞተበትም ሰው የሚባለው ይኸው ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ሁላችንም በሕይወታችን ለሰው እንዲያ ብለን እናውቃለን።

«እና መኪናው ለምንድን ነው?» አለች።

«ሐይቅ ልናይ ነው አልኩሽ እኮ፣ እታለም» አሉ እትዬ መዲና፤ እያለቀሱ ነው።

«ውኃ ለማየት መኪና የሚከራይ ማን አለ?»

በዚህ ጊዜ ራሷ ተነሣች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ሚኒባሱ ሄደች። «ውሰዱኝ» አለች። «እውነታችሁን ከሆነ ውሰዱኝ። በአሸንጌው ወንድሜ ደጅ የልቅሶ ድንኳን ከሌለ አምናችኋለሁ።» እትዬ አስካለም ማንም ሳይጠይቃቸው ከኋላ ወንበር ገቡ። «እኔ ነኝ ያስለቀስኳት፣ እኔው አብሬ እሄዳለሁ» አሉ፤ ማንም አላስወረዳቸውም።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያማረ መንገድ አላየሁም፤ ያየሁትም ብቻዬን ነው። ዝናቡ ገና መቆሙ ነበርና ተራራው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ከየገደሉ ቀጭን ቀጭን ውኃ ይወርዳል። ገብሱ ከፍ ዝቅ እያለ በነፋስ ይተኛል። እናቴ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላየችም። በየመንደሩ የምትፈልገው ድንኳን ነበር። ከዳገቱ ሥር ነጭ ነገር ስታይ የጋሽ ሙሉን ትከሻ ያዘች። «ያ ምንድን ነው?» «የመንገድ ሠራተኞች ሸራ ነው።» «ቁምልኝ!» ቆሙ። ከሸራው ውስጥ አንድ ሰው ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ወጣና፣ ሚኒባስ ሙሉ ሴት ፊቱ ላይ አፍጥጣ ስታይ ግራ ገብቶት እጁን አወዛወዘልን። በሌላ ቀን ቢሆን በሣቅ እንሞት ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጋሽ ሙሉ የታዘዙትን አልረሱምና መኪናውን ዳር አስያዙ። ከፊታችን ተራራው አንዱ ከአንዱ ኋላ እየሳሳ፣ ሰማያዊ እየሆነ እስከ ዓይን ዳርቻ ይሄዳል። እናቴ በሁለት እጇ ወንበሩን ጨብጣ «ለምን ቆማችሁ?» አለች። «እዚህ ነው የምትነግሩኝ?»

«ንዳ፣ ንዳ» አሉ እትዬ መዲና። ከዚያ በኋላ ተራራ ለማየት አንድም ቦታ አልቆምንም። ድፎው በጨርቁ እንደታሰረ ነው። መሐል ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ እናቴ ስልኩን አውጥታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው፤ ያን ሰዓት ቢደውልስ ብላ ነው፤ እኔ አውቃታለሁ። ኮረም ስንደርስ ሻይ ለመጠጣት እንኳ አልወረደችም፤ ዘመድ ተሰብስቦ የሚጠብቃት መስሏት አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ሰው እህሉን ተሸክሞ፣ አህያውን እየነዳ በአጠገባችን አለፈ፤ ማንም ወደ እኛ አላየም።

ሐይቁ ድንገት ነው የሚታየው። ተራሮቹ ዞር ይሉና እዚያ ተኝቶ ይገኛል። እንዳለችው ነበር፤ ተራራው ውስጡ ተገልብጧል፣ ከዳሩ ሣሩ ለምለም ነው፣ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ይግጣሉ። መኪናው ከመቆሙ ወረደች። የወንድሟ መንደር ከሐይቁ በላይ ተዳፋቱ ላይ ነው። ዓይኗን በእጇ ከልላ ቤት በቤት ፈተሸችው። ከሣሩ መሐል አንዲት ልጃገረድ ማጭዷን ይዛ ቀና አለች። እናቴ በትግርኛ ጠየቀቻት፤ እኔ የገባኝ «ልቅሶ አለ ወይ?» እንዳለቻት ነው። ልጅቷ አሰበችና መለሰች። የእናቴ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ሮጬ ያዝኳት። እየሣቀች ነበር፤ እንባዋም አብሮ ይወርዳል።

«ምን አለችሽ፣ እማ?»

«የሞተ አለ አለች። የማነው ስላት፣ የጎረቤታችን በሬ ነው አለችኝ።»

እትዬ መዲና «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ሣሩ ላይ ዘፍ አሉ። እትዬ አስካለ ግን የእናቴን እግር ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እናቴ በብብታቸው ይዛ አነሣቻቸው። «ተይ አስካለ፣ ድንኳን የለም እኮ» አለቻቸው፤ እሷ አጽናኝ ሆነች። «አየሽ? ድንኳን የለም።» ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባች፤ ፊቷን ታጠበች። ዝግ ባለ ድምፅ የልጅነቷን የሣር አጨዳ ዜማ ስታንጎራጉር ሰማኋት፤ ከቃሉ «ንዒ» የምትለዋን ብቻ ነው የለየሁት፤ «ነይ» ማለት ነው። ድፎውን እዚያ ቆረስነው። ልጃገረዷም በላች። ወንድሟ ከተዳፋቱ እየሮጠ ወርዶ ሲያቅፋት የልጅነት ስሟን ጠራት፤ እኔ እስከዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ በትከሻዬ ላይ ተደግፋ ተኛች፤ መንገዱን ሙሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ክፉ ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተዘጋ፣ ኮረም እንደ ባሕር ማዶ ራቀን። ስለሱ የሚያውቁት ይጻፉት። እናቴ ግን እስከ መጨረሻዋ ያንን ቀን እንደ ማስረጃ ይዛው ኖረች። ሐዘን ሲጫናት «ድንኳን የለም» ትላለች። ሰው ስለ ሞገስ ሲጠይቃት «ሄደን አይተናል፣ ድንኳን የለም» ትላለች። ከእሱ ጋር የሄዱት ልጆች ወሬም እንደጠፋ፣ ባሕሩም ድንኳን እንደማይተከልበት አውቃለሁ። አንድም ቀን አላልኳትም። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ ጠዋት ላይ፣ አረፈች። ስልኩ በእጇ ነበር።

የቀብሯ ዕለት ደጃፋችን በሰው ሞላ። እትዬ አስካለ አርጅተዋል፣ ሆኖም ሙሾውን ለሌላ አልሰጡም። በእኛ አገር ሙሾ አውራጅ ስትደርስ አስቀድመው የሞቱትን የቤቱን ሰዎች በስማቸው ትጠራለች፤ መጥታለችና ተቀበሏት ብላ። እትዬ አስካለ ሊጀምሩ ሲሉ ቆሙ። በሴቶቹ መሐል አልፈው መጡና ጎንበስ ብለው በጆሮዬ «ልጄ፣ ሞገስን ልጥራው ወይስ ልተወው?» አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው እኔን ያያል። እኔ በሰው ፊት ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። እናቴን አየኋት፣ በነጭ ተጠቅልላ አልጋው ላይ። ልጇ እዚያ በሙታኑ ዘንድ ከሆነ፣ ሳይጠራ እንዴት ይቀበላታል? እዚህ ከሆነስ፣ በሕይወት ያለ ሰው በሙታን መሐል እንዴት ይጠራል?

«ይተዉት» አልኩ።

እትዬ አስካለ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የአባቴን ስም ጠሩ፤ ሴቶቹ መለሱ። የአያቶቼን ጠሩ፤ መለሱ። ቀጥሎ የሚመጣው የልጅ ስም ነው። እትዬ አስካለ አፋቸውን ከፈቱ፣ ትንፋሽ ሳቡ፣ ዝም አሉ። ሴቶቹም ስሙን ሳይሰሙት ሰምተውት አንገታቸውን ደፉ፤ ደረቱን የደቃ ግን አልነበረም። ከዚያ የእናቴ እኅት ስም ተጠራና ልቅሶው ቀጠለ።